በሽምብራ የተቆጠሩ ቫኖች

ይህ ጉዳይ የፈጀብኝ አራት እሑድ፣ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሽምብራ፣ ስድስት ኪሎ ምስር፣ አንድ እፍኝ ኮረሪማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ግድግዳ ነው። ግድግዳው የራሴ እንኳ አልነበረም፤ የአከራዬ ነው።

ሱቄ ቤይሩት፣ ዶራ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጠባቧ መንገዳችን ከአውራ ጎዳናው ጋር በምትገናኝበት ማዕዘን ላይ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥራጥሬ፣ የፀጉር ቅባት፣ ነጠላና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ቤይሩት ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ነዳጅ ማደያ ውስጥ መኪና ማጠብ ነበር። ሰባት ዓመት አጥቤያለሁ። ትምህርት ቤት ያልነገሩኝን ብዙ ነገር ያየሁት ከመኪና ወንበር ሥር ነው። የአንድን መኪና ምንጣፍ ካራገፍኩ ባለቤቱ ዋጋ ሲነገረው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ቀድሜ አውቃለሁ።

የእኔ ሱቅ ነፍስ የሚዘራው እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን አቧራ እያራገፍኩ እጠብቃለሁ። እሑድ ጠዋት ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ ዕረፍት የተፈቀደላቸው፣ ከየተራራውና ከየባሕሩ ዳርቻ በቫን ተጭነው ዶራ ይወርዳሉ። ቫኑ ከጁኒየ በኩል በአውራ ጎዳናው ይመጣና የእኛ መንገድ ትይዩ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ፊት ለፊት የሚመጡትን መኪኖች በጡሩምባና በእርግማን ሰንጥቆ ያልፍና በሬ ላይ ያራግፋቸዋል። ጋቢና የተቀመጠችው ገና እግሯ መሬት ሳይነካ የበርበሬ ዋጋ ትጠይቀኛለች። መንገዱን የቀየሰው ሰው እኔን አስቦ የቀየሰው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ የአውራ ጎዳናው መሐል በሲሚንቶ ግንብ ተዘግቷል። ጎረቤቴን ጠየቅኩት። ጎረቤቴ አርመናዊ ሽማግሌ ነው፤ ጎማ ይጠግናል፤ በመንገድ ጉዳይ ከማዘጋጃ ቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

"ወደ ግራ መታጠፍ ቀረ" አለኝ። "ግራ የፈለገ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ እዚያ ጋ ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ እኛ ይገባል።"

"ወደ ግራ ለመሄድ ወደ ቀኝ?"

"ውጭ አገር እንዲህ ነው አሉ።"

"እዚያ ጋ" ያለው ከሱቄ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በመንገዱ አካፋይ ላይ አዲስ የተከፈተ ክፍተት ነው። የተከፈተው ለአንድ ወር ሙከራ ነበር። መኪናው ከተላወሰ ይጸናል፤ ካልተላወሰ ይዘጋና ድልድዩን አልፎ ያለው የሩቁ መዞሪያ ብቻ ይቀራል። ድልድዩን አልፎ ዞሮ የሚመለስ የቫን ሹፌር ደግሞ እናቱ አልወለደችውም። ሴቶቹን ከአውራ ጎዳናው ማዶ ጥሏቸው ይሄዳል። ማዶ ሱቆች አሉ። እነሱም በርበሬ አላቸው፤ የእኔን ያህል ጥሩ አይደለም፣ ግን ቀይ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የሱቄ ኪራይ ውል ያልቃል፤ አከራዬ በየሁለት ቀኑ በስልክ "ትቀጥላለህ ወይስ ትለቃለህ?" ይለኛል። እኔም በየሁለት ቀኑ "ኢንሻላህ" እለዋለሁ። ኢንሻላህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያች ክፍተት ዕድል የእኔ ዕድል ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዲት የወሎ ልጅ፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ ቀጭን ሊባኖሳዊት ወጣት አስከትላ ገባች።

"ጋሼ፣ ይቺ የማዳሜ ልጅ ናት። መኪና ትቆጥራለች።"

"ሥራ ጠፍቶ ነው?"

"ተመርቃ እንደገና እየተማረች ነው። ወላሂ እኔም አልገባኝም። አንተ ጠይቃት።"

ወጣቷ "ቦንጁር ዐሞ" አለችኝ። ዐሞ አጎት ማለት ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ሲሆን ድምፁ ይለሰልሳል። ኢንጂነር ስለሆነች እኔም በአገሩ ወግ ሙሀንዲሳ ብዬ ጠራኋትና ተስማማን። ላፕቶፗን የምስር ጆንያ ላይ አስደግፋ ከፈተችው። የሚታየው የእኛው መንገድ መጋጠሚያ ነው፤ ከላይ ወፍ እንደምታየው። ትንንሽ ቀይና ሰማያዊ መኪኖች በመስመራቸው እየሄዱ፣ አንዱ ላንዱ ቅድሚያ እየሰጠ፣ ዞረው ይመለሳሉ።

ለረጅም ጊዜ አየኋቸው።

"እነዚህ ሰዎች የየት አገር ሰዎች ናቸው?" አልኳት።

"ፕሮግራሙ የተሠራው ጀርመን ነው።"

"ያስታውቃል። አንድም ጡሩምባ አልሰማሁም።"

ሳቀች። ሥራዋ ይህ ነው፦ ወደ ግራ መታጠፍ ሲከለከልና ሰው ዞሮ እንዲመለስ ሲደረግ መንገዱ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል የሚለውን አስመስሎ ማስላት። የትራፊክ መብራቱ፣ ጄኔሬተር ሲኖርና ሲበራ፣ ለግራ ታጣፊው ለብቻው ጊዜ መስጠት ነበረበት፤ እሱ እስኪያልፍ ቀሪው ዓለም ቆሞ ይጠብቃል። ያ ሰው ቀጥ ብሎ አልፎ ዞሮ ከመጣ የእሱ ጊዜ ለሌላው ይከፋፈላል። ረጅም መንገድ ሄዶ ቶሎ ይደርሳል።

"ገባኝ" አልኳት። "ሰልፍ ፊት ቆማ 'ቆይ ምን ነበር የረሳሁት' የምትል ደንበኛ አለችኝ። 'እህቴ፣ መደርደሪያውን አንዴ ዞረሽ ነይ' እላታለሁ። ዞራ እስክትመጣ አምስት ሰው አስተናግጃለሁ፤ እሷም የረሳችውን አግኝታዋለች።"

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። "ዐሞ፣ መምህሬ ይህን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።"

"መምህርሽ ሱቅ የለውም።"

ችግሯ እሑድ ነው። በሥራ ቀን የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይቆጥሩላታል፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። እሑድ ግን የሊባኖስ ሰው የቤተሰብ ምሳ አለበት፤ ከዚያ ጠረጴዛ የሚቀር ሰው ታሟል ወይም ተኳርፏል። የዶራ እሑድ ደግሞ ከሌላው ቀን ጋር ምንም አይገናኝም። በየእሑዱ ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በአዲሱ ክፍተት ዞረው የሚመለሱትን መኪኖች የሚቆጥሩላት አራት ሰዎች ትፈልጋለች። ለእያንዳንዳቸው የስልክ ካርድ ትሰጣለች።

እዚህ ላይ የነጋዴ ጭንቅላቴ ሠራ። ቆጣሪዎቹን እኔ አመጣለሁ። ወንበሩን እኔ አወጣለሁ። ወንበሩ የሚቀመጠው በራሴ በር ላይ ነው፤ ዞረው የሚመለሱት መኪኖች ሁሉ ወደ መንገዳችን ከመግባታቸው በፊት እዚያ ያልፋሉና ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ካርዱን ከእኔ ትገዛለች። በሬ ላይ አራት ሴቶች ሲቀመጡ ሱቁ የሞላ ይመስላል። ቆጠራው ደግሞ፣ አላህ ይወቀው፣ ትንሽ ወደ እኛ ቢያደላ ማን ያየዋል?

የወሎዋ ልጅ ሦስት ጓደኞቿን አመጣች። የመጀመሪያው እሑድ፣ ሙሀንዲሳዋ ቅጽና እስክሪብቶ አድላ ወደ ክፍተቱ ሄደች፤ እሷ እዚያ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የሰልፉን ርዝመትና የሚጠብቁበትን ጊዜ ትለካለች። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቅጹ ችግር አመጣ። ለመጻፍ አንገታቸውን ሲደፉ ሁለት መኪና ያልፋል።

"በሙስበሃሽ አትቆጥሪም?" አልኳት የወሎዋን።

"ጋሼ፣ እሱ ሌላ ነገር ልቆጥርበት ነው የተሰጠኝ። ቫን አልቆጥርበትም።"

ከጓደኞቿ አንዷ፣ የጎጃሟ፣ መቁጠሪያዋን ከአንገቷ ወደ ውስጥ ከተተችው። እኔም ጆንያ ፈታሁ። ለቫን ሽምብራ፣ ለቤት መኪና ምስር፣ ለጭነት መኪና ባቄላ። አንዱ ባለፈ ቁጥር ከግራ ኩባያ ወደ ቀኝ ኩባያ፤ ዓይን ከመንገድ አይነሳም። ለሞተር ብስክሌት ተልባ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በጣት አይያዝም ተባልኩና በኮረሪማ ተተካ። ቤይሩት ውስጥ ኮረሪማ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሐዘኔን ይካፈላል።

ወደ ወሎዋ ልጅ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ "ቫን ሲሆን እጅሽ አይሰስት።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ሽምብራ ስትመዝንልኝ እጅህ ቸር ሆኖ ያውቃል? ዛሬ ምን አገኘህ?"

"ለሱቁ ብዬ ነው።"

"ያለፈውን እቆጥራለሁ። ያላለፈውን አንተ ቁጠረው።"

ኸላስ፤ ማጭበርበሩ በተጀመረበት ደቂቃ ሞተ።

ቆጠራው ግን ደስ የሚል ነገር ሆነ። አራቱም ሳምንቱን ሙሉ የሰው መስኮት ሲወለውሉ የከረሙ ናቸው፤ አሁን ተቀምጠው ዓለም በፊታቸው ሲያልፍ በኩባያ ይቀበሉታል። ምሳ እኔ አቀርባለሁ፤ ሽሮ፣ ሰላጣና የአገሩ ዳቦ። ቫን ሲመጣ የወሎዋ በደንብ ለማየት ብድግ ትላለች። ቫኑ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ይቆማል።

"ያላ፣ ወዴት ነሽ?" ይላል ሹፌሩ።

"የትም።"

"የትም እወስድሻለሁ። ግቢ።"

"እየቆጠርኩህ ነው።"

"ስንተኛ ነኝ?"

"ሠላሳ ሰባተኛ።"

"ሠላሳ ስድስተኛው ማነው?"

"ነጩ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው።"

"ያ አህያ ቀደመኝ!" ብሎ ሲነዳ ኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ያስጮኻል። ወሬው በቫን ሹፌሮች መሐል ተዳረሰ። በሁለተኛው እሑድ ቁጥሩን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ጠፋ። አንዱማ ከኋላ የመጣ ቫን እንዳይቀድመው ብሎ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጣና ባዶ ወንበሬን በጎማው ሰባበራት። ወርዶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ስንተኛ እንደሆነ ጠየቀ። ስልሳ አንደኛ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ማታ ሙሀንዲሳዋ ላፕቶፗን ይዛ ገባች፤ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

"ዐሞ፣ እሑድ ክፍተቱ አልሠራም። ሰልፉ ከሱቅህ ፊት ይጀምርና እስከ መዞሪያው ይደርሳል፤ ከዚያ አልፎ የአውራ ጎዳናውን ሁለተኛ መስመር ይዘጋል። በሥራ ቀን እንዲህ አይደለም። ላፕቶፑ ላይ ያለው ሞዴል ውስጥ እናንተ የቆጠራችሁትን አስገባሁ፤ እንዲህ ሊጨናነቅ አይገባም ይለኛል። መንገዱ ግን ተጨናንቋል።"

"ማነው ትክክል?"

"መንገዱ ነው ትክክል። ሁልጊዜ። ሦስተኛው እሑድም እንዲህ ከሆነ ሪፖርቴ ላይ 'ይዘጋ' ብዬ ነው የምጽፈው።"

የነገሩ ቀልድ አላሳቀኝም። ነገሩን ሳስበው ክፍተቱን የሚያድን ቆጠራ ራሴ አዘጋጅቼ፣ ራሴ ሽሮ አብልቼ፣ የራሴን መዝጊያ ደብዳቤ እያስጻፍኩ ነው። አከራዬ ደወለ። "ኢንሻላህ" ለማለት እንኳ አፌ አልታዘዘልኝም፤ "ይህቺን እሑድ ጠብቀኝ" አልኩት።

ሦስተኛው እሑድ ጠዋት ደመና ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ፤ ከባሕሩ በኩል በአንድ ጊዜ የሚደፋው ዓይነት። አራቱም ወንበራቸውን እያነሱ፣ ኩባያቸውን እያቀፉ ወደ ውስጥ ሮጡ። በሩ ጠባብ ነው፤ የጎጃሟ ወንበር የሽምብራውን ጆንያ መታ፤ ሽምብራው የምስሩ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ዐሥራ ሁለት ኪሎና ስድስት ኪሎ፤ አሁን ዐሥራ ስምንት ኪሎ የማይለይ ነገር።

"ይቅርታ ጋሼ! እንለቅመዋለን።"

"እስከ ገና ትጨርሱታላችሁ" ብዬ፣ ሐዘኔን ላለማሳየት ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

መንገዱ ይፈስሳል።

ቫኖች ከክፍተቱ ዞረው ይመጣሉ፤ በበሬ ፊት ያልፋሉ፤ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ ይገባሉ። ሰልፍ የለም። ጡሩምባ የለም። ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ጀርመኖች ይመስላሉ። በመጀመሪያ ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ዝናብ ሲዘንብ ቤይሩት ይባስ ይቆለፋል እንጂ መቼ ተከፍቶ ያውቃል አልኩ።

ጃንጥላ አነሳሁና ለወሎዋ ሰጠኋት። "እስቲ ውጪና መንገዱ ዳር ቁሚ።"

"በዝናብ?"

"አንዴ።"

ወጣች። ቀጥሎ የመጣው ቫን ጡሩምባውን ነፍቶ ቆመ። ኋላው አምስት መኪና ቆመ።

"ግቢ!" አልኳት። ገባች። ቫኑ ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ መንገዱ ተከፈተ።

"እንደገና ውጪ።"

ወጣች፤ ቆሙ። ገባች፤ ሄዱ። ሦስተኛ ጊዜ "ውጪ" ስላት ጃንጥላውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ልብስ ነኝ እንዴ? ታሰጣኛለህ፣ ዝናብ መጣ ብለህ ታስገባኛለህ!"

ሦስቱ ጓደኞቿ ሽምብራው መሐል ተቀምጠው ሳቁ። እኔ ግን ነገሩ በርቶልኝ ነበር። ሰባት ዓመት የነዚህን ሰዎች መኪና አጥቤ ይህን እንዴት እንዳላየሁ! በዚህ አገር መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ ነው። ሰዓቱን ለማየት ቆም ካልክ ሰርቪስ ታክሲ ይቆምልሃል። የጫማህን ክር ለማሰር ካጎነበስክ ሁለት ቫን ይጣሉብሃል። እኔ ደግሞ በሊባኖስ ትልቁ የቫን መተላለፊያ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሐበሻ ሴት የጫነ ቫን ሁሉ በሚያልፍበት ሰዓት፣ አራት ሐበሻ ሴቶች በራሴ ወንበር ደርድሬ፣ "ለምን ይቆማሉ?" እላለሁ። መኪናውን እየቆጠርነው አልነበረም፤ እየጠራነው ነበር። የሥራ ቀን ቆጣሪዎቹ መኪና ውስጥ ስለተቀመጡ ማንም አላያቸውም፤ ለዚህ ነው ያኔ መንገዱ የሠራው።

በዝናቡ ውስጥ ወደ ሙሀንዲሳዋ መኪና ሄጄ መስኮቷን አንኳኳሁ። ነገርኳት። ወንበሩን እዚያ ያስቀመጥኩት ሱቁ የሞላ እንዲመስል ብዬ እንደሆነም ነገርኳት፤ ግማሹን ብቻ የተናገሩት እውነት ተመልሶ እንደሚመጣ ከደንበኛ ተምሬያለሁ።

ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

"ያኒ፣ ሦስት እሑድ የለካሁት መጨናነቅ... እኛው ነን?"

"እኛው ነን።"

"ሦስት እሑድ ልጥል ነው።"

"እኔ ዐሥራ ስምንት ኪሎ እህል ጥያለሁ። አራተኛ እሑድ አለሽ። አራተኛውን ማንም ሳያየን እንቁጠር።"

የጎማ ጠጋኙ ቤት ጣሪያ ከመንገዱ ከፍ ያለና በጀርባ መወጣጫ ያለው ነው። ሽማግሌው ቁልፉን ሲሰጠኝ "በነጻ አይደለም" አለ፤ የጣሪያውን ኪራይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አድርገን ተዋዋልን። አራተኛው እሑድ ፀሐይ ነበር። አራቱ ሴቶች የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከላይ ወደ ታች ቆጠሩ። የጎጃሟ "ከዚህ ሲታይ ሰው ሁሉ ቸኳይ ነው" አለች። የወሎዋ ልጅ ማዳም ሰባተኛ ፎቅ ላይ ስለምትኖር፣ ከላይ ማየት ለእሷ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር የሚወለወል መስኮት አለመኖሩ ነው። ከታች ያሉት ሹፌሮች ቁጥር ነጋሪያቸውን አጥተው ሱቄን እያዩ ያልፋሉ። አንዱ ቀስ አለና "ዛሬ ስንተኛ ነኝ?" ብሎ በመስኮት ጮኸ። ከጣሪያው "ሃያ ዘጠነኛ!" የሚል ድምፅ መጣለት። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አማተበና ሄደ።

መንገዱ ሠራ። ሙሀንዲሳዋ ከክፍተቱ ስትመጣ ከሩቅ በሁለት እጇ አውራ ጣቷን እያሳየችን ነበር።

በማግስቱ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። "ዐሞ፣ እናንተ ባትቆሙም ሌላ ሰው ይቆማል። ዶራ ነው። ሞዴሉን መንገድ ዳር ለቆመ ሰው እንዲቆም ላስተምረው። ቫን የሚቆመው ለስንት ሰው ነው?"

በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ የተማረ ሰው የለም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ለአንድ ሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለሁለት ጡሩምባ ይነፋል። ለሦስት ይቆማል። ለአራት መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ሻንጣ ላላት አንዲት ሴት ወደ ኋላ ይመለሳል።"

"ሻንጣ ላላት ወደ ኋላ" እያለች ጻፈችው። ጀርመኖቹን የሊባኖስ ጠባይ ስናስተምር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዋልን። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አቆመች፤ ተሳፋሪዎች ናቸው።

"የት ላቁማቸው?"

"በሬ ላይ" አልኩ፤ አላፈርኩም።

በሬ ላይ አቆመቻቸው። መኪኖቹ ቆሙ፤ ሰልፉ ቀልቶ እስከ መዞሪያው ሄደ። ነጥቦቹን ማዕዘኑን አዙራ ጠባቧ መንገዳችን ውስጥ ዐሥር እርምጃ አስገባቻቸው። የሰልፉ ጅራት አሁንም አውራ ጎዳናው ላይ ነው። ሃያ እርምጃ፤ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ሠላሳ እርምጃ ላይ ሁሉም ነገር ፈሰሰ።

"እዚህ ነው" አለች። "ቫኑ ታጥፎ ከገባ በኋላ፣ እዚህ ያውርድ፣ እዚህ ይጫን። በዚህ ሁኔታ ክፍተቱ ይጽና ብዬ እጽፋለሁ።"

ስክሪኑን አየሁት። ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ ከነጥቦቹ ጀርባ፣ የእኔ መጋዘን የጎን ግድግዳ አለ። መስኮት የሌለው፣ ሰው ቆሞ ሊያየው ምንም ምክንያት የሌለው፣ ድፍን ግድግዳ። ሱቄ ድኗል፤ ደንበኛው ግን ጀርባዬ ላይ ሊራገፍ ነው።

ሪፖርቱ ተጻፈ፤ ክፍተቱ ጸና። ቫኖቹን ወደ አዲሱ ቦታ ማን ያዛውራቸዋል የሚለው ጥያቄ አንድም ምልክት ሰሌዳ አላስፈለገውም። በቀጣዩ እሑድ የወሎዋ ልጅ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ መጋዘኔ ግድግዳ ሥር ቆመች፤ ከመካከላቸው አንዷ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የመጀመሪያው ቫን ታጥፎ ገብቶ ቆመ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚቆሙት ሌሎች ስለሚቆሙ ነው።

"ጋሼ" አለችኝ የወሎዋ ልጅ ሻንጣውን ተቀብላ እያወዛወዘች፣ "ለዚህ ደግሞ ካርድ አይከፈልም?"

"ስንት እሑድ ቆምሽ?"

"አንድ።"

"ያለፈውን ነው የምከፍለው" አልኳት፤ ሁለት ካርድ ሰጠኋት።

ለአከራዬ እኔ ደወልኩለት። "እቀጥላለሁ" አልኩት። ደስ አለው። "ግን መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በር ላወጣ ነው" አልኩት። ሃያ ዓመት ያላየውን ግድግዳ በዚያች ደቂቃ ወደደው። አያቱ እንደሠራው፣ ድንጋዩ ከተራራ እንደመጣ፣ ጦርነቱን ሁሉ እንደቻለ ነገረኝ። ብሎኬት ነው፤ ራሴ ቀብቼዋለሁ። ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ለጊዜው የማልናገረውን ያህል ከፍዬ አፈረስኩት። መጋዘኑን ሱቅ፣ ሱቁን መጋዘን አደረግኩ። በአዲሱ በር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቫን የወረደችው ሴት ሁለተኛ እግሯን ሳታወርድ የበርበሬ ዋጋ ጠየቀችኝ።

ሙሀንዲሳዋ ስትመረቅ የጽሑፏን አንድ ቅጂ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከመምህራኖቿ ቀጥሎ፣ በፈረንሳይኛ፣ "ዶራ ውስጥ በሽምብራ ለቆጠሩልኝ አራት ሴቶች" የሚል አለ። የወሎዋ ልጅ ሦስት ጊዜ አስነበበቻት፤ ፎቶ አነሳችው፤ እናቷ ደሴ ሆና አይታዋለች። የእኔ ስም የለም፤ በመጨረሻው ክፍል ግን "መንገድ ዳር ለቆመ ሰው የመቆም ሕግ" የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ በአምስተኛው መስመር ላይ ሻንጣ ላላት ወደ ኋላ ይመለሳል ይላል። እሱ የእኔ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አራቱ እሑድ አይመለሱም። የተደባለቀው ሽምብራና ምስር በጾም የሾርባ እህል ተብሎ አልቋል። ኮረሪማው ከአራት ፍሬ በስተቀር ተገኝቷል። አንዱ ወንበር ተሰብሯል፤ ሌላው የጎማ ጠጋኙ ጣሪያ ላይ ነው። ግድግዳው ወጪ፣ በሩ ገቢ። ውሉ ለሦስት ዓመት ታድሷል።